የናሱን ቱቦ ጨርቅ ያለበሰው ሰው፦ የካውንት ራምፎርድ አስገራሚ ሕይወት

ለመግቢያ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ሁለት አንድ ዓይነት የናስ ቱቦዎች አሉ እንበል። ሁለቱም ተወልውለው እንደ መስታወት ያበራሉ። ሁለቱንም በፍል ውሃ ሞልተን፣ አፋቸውን ከድነን፣ ነፋስ በማይገባበት ክፍል ውስጥ እናስቀምጣቸው። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው። አንደኛውን ራቁቱን ትተነዋል፣ ሌላኛውን ደግሞ ስስ የበፍታ ጨርቅ ልክክ አድርገን አልብሰነዋል። ቀድሞ የሚቀዘቅዘው የትኛው ነው?

አብዛኞቻችን ራቁቱን ነው እንላለን። የለበሰ ሰው አይበርደውም፣ የለበሰ ቱቦም እንዲሁ መሆን አለበት ብለን እናስባለን። ከ200 ዓመት በፊት ይህን ነገር በቴርሞሜትር የፈተነው ሰው ያገኘው ግን ተቃራኒውን ነው። ቀድሞ የቀዘቀዘው ጨርቅ የለበሰው ቱቦ ሆነ፤ ያውም በጥቂት ሳይሆን አንድ ሦስተኛ ያህል ባነሰ ጊዜ!

ሰውዬው ቤንጃሚን ቶምፕሰን ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ግን ካውንት ራምፎርድ በሚለው ማዕረጉ ነው። አሜሪካ ተወልዶ ለእንግሊዝ ሰለለ፣ ጀርመን ሄዶ ሚኒስትር ሆነ፣ ለንደን ላይ ስመ ጥር የሳይንስ ተቋም መሠረተ፣ ፈረንሳይ ገብቶ የታላቅ ሳይንቲስት ባልቴት አገባ፣ እዚያው ሞተ። በዚህ ሁሉ መሀል አንድም ቀን ያልተወው ጥያቄ ቢኖር ሙቀት ምንድን ነው፣ እንዴትስ ያመልጣል የሚለው ነበር። ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። መልካም ንባብ!

የገበሬው ልጅ

ቤንጃሚን ማርች 26 ቀን 1753 በማሳቹሴትስ፣ ዎበርን በምትባል የገበሬዎች መንደር ተወለደ። ያኔ አሜሪካ የሚባል ነጻ አገር ገና አልተፈጠረም፤ ምድሩ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞተ፤ እናቱም ሌላ ባል አገባች። ልጁ እርሻ አልሆነለትም። 13 ዓመት ሲሆነው ሳሌም ከተማ ውስጥ ለአንድ ነጋዴ ሥራ ተለማማጅ ሆኖ ተቀጠረ። ይሁን እንጂ ልቡ ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ርችት ለመሥራት ሲሞክር ፈንድቶበት ክፉኛ ተቃጥሎ ያውቃል። በኋላም ከጓደኛው ጋር ብዙ ኪሎ ሜትር በእግሩ እየሄደ ሃርቫርድ ኮሌጅ የሚሰጠውን የፊዚክስ ትምህርት ያዳምጥ ነበር። መደበኛ ተማሪ ሆኖ ግን አያውቅም።

በ19 ዓመቱ በኒው ሃምፕሻየር አስተማሪ ሆነ። የተቀጠረባት ከተማ ኮንኮርድ ትባላለች፤ የቀድሞ ስሟ ግን ራምፎርድ ነበር። ይህን ስም ያዙልን፣ በኋላ እንመለስበታለን። በዚያው ዓመት፣ በ1772፣ ሣራ የምትባል ሀብታም ባልቴት አገባ። እሷ በዕድሜ ከአሥር ዓመት በላይ ትበልጠዋለች። እንግዲህ የትናንቱ ተለማማጅ በአንድ ጊዜ ባለ ርስት ሆነ። የቅኝ ግዛቱ ገዥም ወዳጁ ሆኖ የሻለቃ ማዕረግ ሰጠው። በ1774 ሴት ልጅ ተወለደችለት፤ እሷም በእናቷ ስም ሣራ ተባለች።

ችግሩ ዘመኑ ነበር። አሜሪካውያን በእንግሊዝ ላይ ለመነሳት አፋፍ ላይ ነበሩ፤ ቶምፕሰን ደግሞ ከገዥዎቹ ወገን ነው ተብሎ ተጠረጠረ። አንድ ቀን የተቆጣ ሕዝብ ቤቱ ሊመጣበት መሆኑን ሲሰማ ሚስቱንና ጨቅላ ልጁን ትቶ ሸሸ። ሚስቱን ዳግም በዓይኑ አላያትም። ጥርጣሬውስ እውነት ነበር ወይ? ነበር። በ1775 በማይታይ ቀለም ለእንግሊዝ ጦር የጻፈው የስለላ ደብዳቤ ከብዙ ዘመን በኋላ በጄኔራሉ ወረቀቶች መሀል ተገኝቷል። የኬሚስትሪ ችሎታውን መጀመሪያ የተጠቀመበት ለዚህ ነበር ማለት ይቻላል።

ከለንደን ወደ ሙኒክ

በ1776 እንግሊዞች ቦስተንን ሲለቁ ቶምፕሰን ለንደን ገባ። ወጣቱ መልከ መልካም፣ አንደበቱ የተባ፣ ትልቅ ሰው መቅረብ የሚያውቅበት ነው። ብዙም ሳይቆይ በቅኝ ግዛቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ሹም ሆነ። ጎን ለጎን በባሩድ ኃይል ላይ ሙከራ ያደርግ ነበርና በ1779 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ። ጦርነቱ ሲያበቃም በ1784 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የፈረሰኛ ማዕረግ ሰጡት። ከዚያ ወደ ባቫሪያ ገዥ ወደ ካርል ቴዎዶር ቤተ መንግሥት አቀና።

ሙኒክ ላይ የጠበቀው ሥራ ጦሩን ማደስ ነበር። ወታደሩ ደመወዙ ትንሽ፣ ልብሱ የተቀዳደደ፣ ምግቡ የማይረባ ነበር። ቶምፕሰን ነገሩን እንደ ሳይንቲስት ያዘው። ወታደሩን የሚያሞቀው የትኛው ጨርቅ ነው? ሱፍ፣ ላባ፣ ጸጉር፣ ጥጥ፣ ሐር ሁሉንም በቴርሞሜትር ዙሪያ እየጠቀለለ ለካ። ያገኘው መልስ ዛሬም የማይናወጥ ነው። ሙቀትን የሚይዘው ጭረቱ ራሱ ሳይሆን በጭረቶቹ መሀል ታስሮ የቀረው አየር ነው። ጋቢያችንም ቢሆን የሚያሞቀን በዚህ ምክንያት ነው። ለነዚህ ሥራዎቹ በ1792 የሮያል ሶሳይቲን የኮፕሊ ሜዳልያ ተሸለመ።

በጃንዋሪ 1 ቀን 1790 ደግሞ ሙኒክን ያጥለቀለቁትን ለማኞች በአንድ ቀን በወታደር አስያዛቸው። እስር ቤት ግን አላስገባቸውም። ሞቅ ያለ ክፍልና ትኩስ ምግብ ሰጥቶ የወታደር ልብስ የሚሠሩበት ትልቅ ቤት ከፈተላቸው። በግድ መያዙ ዛሬ ላይ ሲታይ ያስቀይማል፤ ብዙዎች ግን በዚያ ቤት ሥራና ጉርስ አግኝተዋል። ከገብስ፣ ከአተርና ከድንች የሚሠራው ርካሽ ሾርባው በመላው አውሮፓ የድሆች መመገቢያዎች ምግብ ሆነ። የሙኒኩ ታዋቂ መናፈሻ፣ የእንግሊዝ አትክልት ቦታ የሚባለውም የሱ ሐሳብ ነው።

ገዥው ውለታውን አልረሱም፤ ካውንት አደረጉት። ማዕረጉን ሲቀበል ስም ምረጥ ቢባል የመረጠው ያቺን አስተማሪ ሆኖ የገባባትን፣ ሚስት ያገኘባትን፣ ኋላም ሸሽቶ የወጣባትን ከተማ የድሮ ስም ነው። ከዚያ ወዲያ ካውንት ራምፎርድ ሆነ።

መድፉና የሚፈላው ውሃ

በዚያ ዘመን ሳይንቲስቶች ሙቀትን እንደ አንድ ቀጭን የማይታይ ፈሳሽ ያዩት ነበር። ስሙም ካሎሪክ ይባላል። ትኩስ ነገር ካሎሪክ የሞላው፣ ቀዝቃዛ ነገር ካሎሪክ የጎደለው ነው ይባል ነበር። ስሙን ካወጡትና ሐሳቡን ካስፋፉት ዋነኛው ፈረንሳዊው ላቩአዚየ ነው።

ራምፎርድ የሙኒክ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ መድፍ ሲሰረሰር ይመለከት ነበር። የናሱ በርሜል ሲቦረቦር እጅ አያስነካም፣ ፍርፋሪው ደግሞ ይባስ ያቃጥላል። ይህ ሁሉ ካሎሪክ ከየት መጣ? ብሎ ጠየቀ። ሆን ብሎ የደነዘ መሰርሰሪያ አዘጋጀ፣ መድፉን ውሃ በሞላ ሳጥን ከበበው፣ ፈረሶች እንዲያዞሩት አደረገ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲሆን ውሃው ያለ እሳት ፈላ! ቆመው የሚያዩት ሰዎች ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። ፈረሶቹ እስካዞሩ ድረስ ሙቀቱ አያልቅም። የማያልቅ ነገር ደግሞ በዕቃ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሙቀት እንቅስቃሴ ነው ሲል ደመደመ። ጽሑፉ በ1798 ለሮያል ሶሳይቲ ቀረበ። የካሎሪክ ደጋፊዎች በቀላሉ እጅ አልሰጡም፤ ሐሳቡ በደንብ የጸናው ከሱ ሞት በኋላ እነ ጁል በቁጥር ሲያረጋግጡት ነው።

በ1799 ለንደን ላይ ሮያል ኢንስቲቲዩሽን የተባለውን ተቋም ከመሠረቱት ዋነኛው እሱ ነበር። ሳይንስ ወደ ማእድ ቤት፣ ወደ ወርክሾፕ፣ ወደ ተራው ሰው እንዲወርድ ነው ምኞቱ። ወጣቱን ሃምፍሪ ዴቪን ቀጥሮ ያመጣውም እሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ከባልደረቦቹ ጋር ተኳረፈና ለንደንን ትቶ ወጣ። እውነቱን እንናገር፣ ራምፎርድ አለቃ መሆን እንጂ ጓደኛ መሆን የሚሆንለት ሰው አልነበረም።

የቱቦዎቹ ሙከራ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። በ1803 ገደማ ራምፎርድ 50 ዓመቱ ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ የናስ ዕቃዎችን አሠራ፤ ቱቦ መሰል ድብልብል ናቸው፣ በአንገታቸው በኩል ቴርሞሜትር ይገባባቸዋል። ታችና ላዩን ሙቀት በማያሳልፍ ነገር ሸፍኖ፣ ሙቀት የሚያመልጠው በጎናቸው ብቻ እንዲሆን አደረገ። ፍል ውሃ ይሞላቸዋል፣ ከዚያ ሰዓት ይዞ የተወሰነ ዲግሪ ለመውረድ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ይቆጥራል። ሙከራው ይኸው ነው። ትዕግሥት ካለን እኛም በቤታችን ልንሠራው የምንችለው ነገር ነው።

የበፍታ ጨርቅ የለበሰው ቀድሞ ሲቀዘቅዝ ራምፎርድ ራሱም ተገረመ። ለወታደር ልብስ ሲለካ ያገኘው ሌላ ነበር እኮ! ስለዚህ ጨርቁን ትቶ ሌላ ሌላ ነገር ሞከረ። በናሱ ላይ ስስ ሙጫ ቀባ፤ አሁንም ቶሎ ቀዘቀዘ። ቫርኒሽ ቀባ፤ ያው ነው። ሻማ ላይ ይዞ በጥላሸት አጠቆረው፤ ይኼም ቶሎ ቀዘቀዘ። ቫርኒሹን ደራርቦ ሲቀባ ደግሞ ሌላ ነገር አየ። የመጀመሪያዎቹ ቅቦች ማቀዝቀዙን ያፋጥኑታል፤ ሽፋኑ ከተወሰነ ውፍረት ሲያልፍ ግን ፍጥነቱ መልሶ መቀነስ ይጀምራል። ሽፋን ሁለት ሥራ እንዳለው ያኔ ተገለጠለት ማለት ነው። አንደኛው በገጹ በኩል ሙቀትን መርጨት፣ ሁለተኛው በውፍረቱ በኩል ሙቀትን ማገድ። ስስ ሲሆን መርጨቱ ያሸንፋል፣ ሲወፍር ማገዱ ያሸንፋል።

ብረታ ብረቶችንም አወዳደረ። ናሱን በወርቅ ለበጠው፣ በብር ለበጠው፣ በሌሎች ማዕድናትም ሞከረ። ንጹሕና የተወለወሉ እስከሆኑ ድረስ ሁሉም የሚቀዘቅዙበት ጊዜ ተቀራራቢ ሆነ። ወርቅም ሆነ ቆርቆሮ፣ ዋናው ነገር ገጹ ነው።

ከዚህ ተነስቶ የሰጠው ምክር ለቧንቧ ሠራተኛ እንኳ ቀጥተኛ መመሪያ ነው። የእንፋሎት ቱቦ የተዘረጋው ክፍል ለማሞቅ ከሆነ ገጹ ቀለም ይቀባ፣ ወይም ስስ ወረቀት በሙጫ ልክክ ተደርጎ ይለጠፍበት፤ ጥቁር ቢሆን ይመረጣል። ቱቦው እንፋሎቱን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ለማድረስ ብቻ ከሆነ ግን ወይ በወፍራም ሙቅ ልባስ በደንብ ይጠቅለል፣ ወይ ንጹሕና የሚያብለጨልጭ ሆኖ ይያዝ። መሀል ሰፋሪ ነገር፣ ማለትም ስስ ልባስ፣ ኪሳራ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጎ የሳተውም ነበር። ሙቀት ጨረር እንዳለው ሁሉ ቅዝቃዜም የራሱ ጨረር አለው ብሎ ያምን ነበር። ዛሬ የቅዝቃዜ ጨረር የሚባል ነገር እንደሌለ እናውቃለን፤ በረዶ አጠገብ ስንቆም የሚበርደን እኛ የምንሰጠው ሙቀት ከምንቀበለው ስለሚበልጥ ነው። ሌላው ስለ ቆዳ ቀለም የጻፈው ነው። ከከብት አንጀት የሚሠራ ስስ ሽፋን ቱቦው ላይ ለጥፎ አንዱን በጥቁር ቀለም ቀባው፤ የጠቆረው ቶሎ ሲቀዘቅዝለት የጥቁር ሕዝቦች ቆዳ በሞቃት አገር ሙቀትን ቶሎ ለማስወጣት የሚረዳ ነው ሲል ገመተ። እሱ ራሱ ሞቃት አገር ለመኖር ቢሄድ ገላውን ከማጥቆር ወደ ኋላ እንደማይል ጽፏል። ጥቁርነትን እንደ ጉድለት በሚያይ ዘመን እንደ ጥቅም ማየቱ ይገርማል። ግምቱ ግን ትክክል አልነበረም፤ የሰው ቆዳ ጥቁርም ሆነ ነጭ የራሱን ሙቀት የሚረጨው እኩል በሚባል ደረጃ ነው።

በራሱ ሜዳልያ የተሸለመው ተቀናቃኝ

ታሪኩ እዚህ ላይ ይከራል። ራምፎርድ ቱቦዎቹን በሚለካበት በዚያው ሰሞን ጆን ሌስሊ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተመሳሳይ ሙከራ እያደረገ ነበር። ሌስሊ የተጠቀመው ቱቦ ሳይሆን በፍል ውሃ የሚሞላ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ሳጥን ነው። አንዱ ጎኑ የተወለወለ፣ አንዱ በጥላሸት የጠቆረ፣ ሌሎቹ በሌላ ነገር የተሸፈኑ ናቸው። ሳጥኑን እያዞረ የትኛው ጎን የበለጠ ሙቀት እንደሚረጭ ለካ። ጥቁሩ ጎን በሰፊ ልዩነት በለጠ፣ የተወለወለው መጨረሻ ወጣ። ይህ የሌስሊ ኩብ የሚባለው ዕቃ ዛሬም ድረስ በፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ አለ።

የራምፎርድ ጽሑፍ ለሮያል ሶሳይቲ የቀረበው በ1804 መጀመሪያ ነው። የሌስሊ መጽሐፍ የታተመውም በዚያው በ1804 ነው። የሁለቱ መለኪያ መሣሪያም ይመሳሰላል፤ ሁለት የመስታወት እንቁላል መሰል ጫፎች ያሉት፣ መሀሉ ላይ ፈሳሽ የሚንቀሳቀስበት ነው። ያኔ ማን ከማን ወሰደ የሚል ክርክር ተነሳ። ራምፎርድ ሥራው የራሱ መሆኑንና ከማንም እንዳልወሰደ ለማስረዳት ረጅም ጽሑፍ እስከ መጻፍ ደረሰ።

ገራሚው ነገር ታዲያ ወዲህ ነው። ራምፎርድ በ1796 ለሮያል ሶሳይቲ 1,000 ፓውንድ ሰጥቶ በሙቀትና በብርሃን ላይ ትልቅ ሥራ ለሠራ ሰው የሚሰጥ ሜዳልያ አቋቁሞ ነበር። የመጀመሪያው ተሸላሚ ራሱ ራምፎርድ ሆነ። ሁለተኛው የ1804 ተሸላሚ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጆን ሌስሊ! በገዛ ገንዘቡ የተቀረጸ፣ ስሙ ያለበት ሜዳልያ፣ ይገባኛል ብሎ በሚከራከርበት ግኝት ለተቀናቃኙ ተሰጠ። ለራምፎርድ ዓይነቱ ክብሩን ለሚወድ ሰው ይህ ቀላል ቁስል አልነበረም።

እኛ ዛሬ ላይ ቆመን ስናየው ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ እዚያው እውነት ላይ የደረሱ ይመስለናል። አንዱ ከሳጥኑ ወጥቶ የሚሄደውን ጨረር ለካ፤ ሌላው ቱቦው ውስጥ የቀረውን ሙቀት ለካ። ሁለቱ ልኬቶች አንዱ ሌላውን ያጸናል።

ዛሬ የምናውቀው

ለመሆኑ ጨርቅ የለበሰው ቱቦ ለምን ቀድሞ ቀዘቀዘ? ትኩስ ቱቦ ሙቀቱን የሚያጣው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የሚነካውን አየር እያሞቀ ነው፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ይተካል። ሁለተኛው በዓይን በማይታይ ጨረር ነው። የመጀመሪያው የቱቦው ገጽ ምንም ዓይነት ቢሆን ብዙ አይለወጥም። ሁለተኛው ግን ሙሉ በሙሉ በገጹ ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ገጽ ሊረጭ ከሚችለው ከፍተኛ ጨረር የተወለወለ ናስ የሚረጨው ከመቶ 3 እስከ 5 ያህሉን ብቻ ነው። ጥላሸት 95 ያህሉን ይረጫል፤ የዘይት ቀለም 90 ገደማ።

በቁጥር እንየው። የገጹ ሙቀት 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ቱቦ 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ አለ እንበል። ቀለም ከተቀባ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ገጹ ከ400 ዋት በላይ በጨረር ያጣል። የተወለወለ ናስ ከሆነ ግን 25 ዋት እንኳ አይሞላም። አየሩ የሚወስደው በሁለቱም ላይ ተመሳሳይ ነው፤ እሱም 400 ዋት አካባቢ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሆናል። ስለዚህ መወልወሉ ብቻውን የሙቀቱን ብክነት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው።

ቱቦው የተሠራበት ብረትስ? መዳብ ከማይዝግ ብረት ከ20 ጊዜ በላይ የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል። ነገር ግን የቱቦው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሙቀቱ በሁለቱም ውስጥ በቀላሉ ያልፋል፤ ማነቆው ከገጹ ወደ አየሩ ያለው መንገድ ነው። የብረቱ ዓይነት የሚያመጣው ለውጥ በዋናነት ገጹ ከጊዜ በኋላ በሚሆነው ነው። አዲስ መዳብ ያበራል፤ ሲቆይ ይጠቁራል፣ ሲጠቁር ደግሞ ሙቀት የሚረጨው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር እንጨምር። ነጭ ቀለም ሙቀት ይይዛል ብሎ ማሰብ ልክ አይደለም። ራምፎርድ ራሱ በዚህ ተታሎ ፓሪስ ውስጥ በክረምት ነጭ ልብስና ነጭ ባርኔጣ አድርጎ ይዞር ነበር፤ ሰውም ይስቅበት ነበር ይባላል። ነጭ ቀለም የፀሐይን ብርሃን በደንብ ይመልሳል እንጂ ለብ ያለ ነገር የሚረጨውን ጨረር በተመለከተ ነጩም ጥቁሩም ያው ነው። ልዩነት የሚያመጣው የብረት ቅባት ያለው ቀለም፣ ለምሳሌ የአሉሚኒየም ቀለም ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ቤቶች የክፍል ማሞቂያ ራዲያተሮችን በብር መሰል ቀለም የቀቡ ሰዎች ክፍላቸው እንደ በፊቱ አልሞቅ የሚላቸው ለዚህ ነው።

ከላይ የተጠቀለሉ የእንፋሎት ቧንቧዎች በሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም የሚሸፈኑት፣ በጣሪያ ላይ የምናያቸው በፀሐይ ውሃ የሚያሞቁ የመስታወት ቱቦዎች የፀሐይን ብርሃን የሚውጥ ነገር ግን ሙቀትን የማይረጭ ልዩ ሽፋን የሚቀቡት፣ ፔርሙዝ ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበራው ሁሉ በዚሁ ሕግ ነው። ቤታችን ያለውን ማንቆርቆሪያም አስቡት። ከሥሩ ጥላሸት ቢይዝ ሙቀት ይቀበልበታል፤ ጎኑ ግን ተፈግፍጎ ሲያበራ ሻዩ ረዘም ላለ ጊዜ ይሞቃል።

ኦቴይ፣ የመጨረሻው ቤት

በ1805 ራምፎርድ ፓሪስ ውስጥ ማሪ አንን አገባ። ማን ናት ብትሉ፣ ያ የካሎሪክ አባት የተባለው፣ በ1794 በአብዮቱ አንገቱን የተቀላው የላቩአዚየ ባልቴት ናት። ባሏ ያቆመውን ሐሳብ ሊያፈርስ የተነሳውን ሰው አገባች ማለት ነው። እሷም ቀላል ሴት አልነበረችም፤ የባሏን ሙከራዎች በሥዕል ያስቀረች፣ የሳይንስ መጻሕፍት የተረጎመች ናት። የላቩአዚየን ስምም አልተወችም።

ትዳሩ አልሰመረም። እሷ ቤቷ በእንግዳ ካልሞላ ደስ አይላትም፤ እሱ ጸጥታና ሥርዓት ይወዳል። አንድ ቀን እንግዶቿ እንዳይገቡ የግቢውን በር አስቆለፈ። እሷም ብድሯን ለመመለስ ፍል ውሃ ይዛ ወጥታ የሚሳሳላቸው አበቦቹ ላይ አፈሰሰችባቸው። በ1809 ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ ራምፎርድ ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ኦቴይ ብቻውን ኖረ። የተወሰነውን ጊዜ ከልጁ ከሣራ ጋር አሳለፈ። ጨቅላ ሆና ትቷት የሸሸው ያቺ ልጅ በ1796 ለንደን መጥታ አባቷን እንደገና ስታየው ከ20 ዓመት በላይ አልፎ ነበር፤ እናቷም ከአራት ዓመት በፊት ሞታለች። በነዚህ የኦቴይ ዓመታትም መለካቱን አልተወም። በ1812 ስለ ቡና ጥቅምና አፈላል አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ቡናው መንተክተክ የለበትም፣ መዓዛው ይጠፋል፣ ትኩስነቱን ጠብቆ መጥለል አለበት የሚል ነው። ለዚህም ሙቀት የማያስወጣ ማጥለያ ጀበና ሠራ። የኛ እናቶች በሸክላ ጀበና ሦስት ጊዜ የሚያፈሉትን ቢቀምስ ኖሮ ምን ይል እንደነበር መገመት ደስ ይላል!

ካውንት ራምፎርድ ኦገስት 21 ቀን 1814 በ61 ዓመቱ ኦቴይ ውስጥ አረፈ። በቀብሩ ላይ የተገኘው ሰው ጥቂት ነበር። የፈረንሳይ ሊቃውንት ጉባኤ መታሰቢያውን ሲያደርግ ተናጋሪው ኪቪዬ ለሰው ልጅ የሠራውን አመስግኖ፣ ሰውን ግን አለመውደዱን ሳይጠቅስ አላለፈም። ጠላቱ አድርጎ ለሸሻት አሜሪካ ግን በኑዛዜው ገንዘብ ትቶ ነበር። በልጅነቱ በእግሩ እየሄደ ሲያዳምጥበት የነበረው ሃርቫርድ በስሙ የፕሮፌሰርነት ወንበር አቋቋመ።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ አባቶቻችን። ራምፎርድ አራት አገር ላይ አራት ዛፍ ሊወጣ ሞክሯል፤ ከአንዳንዱም ወድቋል። ከሁሉም አገር ይዞት የዞረው ቴርሞሜትሩን ብቻ ነው። ማንቆርቆሪያችንን ስንፈገፍግ፣ ቧንቧ ሠራተኛ ቱቦ በስስ ጨርቅ ሲጠቀልል ስናይ፣ ይህን አስቸጋሪ ግን ጠያቂ ሰው ብናስታውሰው አይበዛበትም።

ለልጆቻችሁ ሙከራውን አሳዩዋቸው። ሁለት አንድ ዓይነት ጣሳ፣ አንዱ የተወለወለ፣ አንዱ በጥላሸት የጠቆረ፣ እኩል ፍል ውሃ፣ እንዳይተን ክዳን፣ አንድ ቴርሞሜትር በቂ ነው። ሲሞክሩ ግን ፍል ውሃውን አዋቂ ይያዝላቸው። ያገኛችሁትን ጻፉልን፤ ጽሑፉን ከወደዳችሁት ለወዳጆቻችሁ አጋሩልን።